በአባታችን ሊሾ ላይ

ወልቂጤ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዑራኤል ባልቻ
ጆሃንስበርግ

ባለህበት ሁሉ የፈጣሪ ጥላ አይለይህ። ሱቅህም ጤናህም እንቅልፍህም ሰላም ይሁን። እኔ ደህና ነኝ። ልጄ ኑኃሚን ግን ደህና አይደለችም፤ የምጽፍልህም ለዚህ ነው። በስልክ ስንነጋገር ገና ሳልጨርስ "ኔትወርኩ አስቸገረኝ" ትለኛለህ። ወረቀት ኔትወርክ አይፈልግም። ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ልኬልሃለሁና እስከ መጨረሻው አንብበው።

ባለፈው ማክሰኞ ኑኃሚን ሳሎን ውስጥ ወደቀች። እንደምታውቀው የሚጥል በሽታው ከያዛት ዓመታት ሆነውታል። መድኃኒቷን አንድ ቀን አታዛንፍም፤ ያም ሆኖ በወር አንዴ ወይም ሁለቴ ይጥላታል። የአሁኑ ግን የከፋ ነበር። ግንባሯ በስምንት ስፌት ተሰፋ፤ የፊት ጥርሷም ተሸረፈ። ጎረቤት ተሰብስቦ አንዱ ክብሪት ጭሮ ሊያሸታት፣ ሌላው እጇን ሊይዛት ሲል ሁሉንም አባረርኳቸው። በጎኗ አስተኝቼ፣ ራሷን ጭኔ ላይ አድርጌ እስኪተዋት ጠበቅሁ። ሊሾው ላይ የፈሰሰውን ደም በኋላ እኔው ጠረግሁት። በአንድ ዓመት ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ መጥረጌ ነው።

ሰው ሁሉ የሚመክረኝ አንድ ነገር ነው፤ ፍራሽ ላይ አስቀምጫት፣ ከክፍሏ አታውጫት። ሃያ ዓመቷ ነው ዑራኤል። ሃያ ዓመት የሞላት ሴት ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ምን ትሆናለች? ስለዚህ ወስኛለሁ። እሷን ከማስቀምጣት ወለሉን እለውጠዋለሁ። እዚሁ ከተማ ውስጥ አንድ የስፖርት ማዘውተሪያ ቤት ተዘግቶ ንብረቱን እየሸጠ ነው። መሬቱ ላይ አንጥፎት የነበረው ጎማ ጣት የሚያህል ውፍረት አለው። ሳሎኑን፣ መተላለፊያውንና የእሷን ክፍል ላለብስበት ነው።

ምንም እንድትልክልኝ አልጠየቅሁህም። የአባታችን ቤት ስለሆነ ከሰው አፍ ከምትሰማው ከእኔ ስማው ብዬ ነው።

እህትህ ብርቄ

*

ጆሃንስበርግ፣ ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበርሽው እህቴ ለእትዬ ብርቄ

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እመቤታችን ቤትሽን ትጠብቅልን፤ ልጅሽንም ትማርልን። እኔ ለቸርነቱ ወሰን የሌለው አምላክ ይክበር ይመስገን ደህና ነኝ።

ደብዳቤሽን አንብቤ አዝኛለሁ። ይሁንና የጎማውን ነገር አልደገፍኩትም። ያንን ሊሾ አባታችን በገዛ እጁ እንዳፈሰሰው አንቺ ከእኔ የበለጠ ታስታውሻለሽ። ቀዩን ሰም በየቅዳሜው ተንበርክኮ ይቀባው ነበር። ወልቂጤ ውስጥ እንደዚያ የሚያበራ ወለል አልነበረም፤ ሰው ቆሞ ያየው ነበር። ያንን እንዴት በስፖርት ቤት ጎማ ትሸፍኝዋለሽ? ቤቱ እኮ የሁለታችን ነው።

ልጅቷን ጸበል ብትወስጃት ይሻላል። እስከዚያው ፍራሽ ማንጠፉም መጥፎ ምክር አይደለም። ወለሉን መንካት የግድ ከሆነብሽ እንኳ ቢያንስ ፋሲካ እስኪያልፍ ታገሺ። በመካከሉ ወደ ቤታችን እንግዳ ሊመጣ ይችላል። ስለዚያ ወደፊት እጽፍልሻለሁ።

ወንድምሽ ዑራኤል

*

ወልቂጤ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዑራኤል

ሰላም ላንተ ይሁን፤ የሰላም አምላክ መንገድህን ያቅናልህ።

ቤቱ የሁለታችን ነው አልክ። እውነት ነው። የትኛው ግማሽ ያንተ እንደሆነ ንገረኝና ሊሾውን እንዳለ እተውልሃለሁ። ኑኃሚንንም "ስትወድቂ በዚህ በኩል ብቻ ውደቂ፣ ያኛው የአጎትሽ ነው" እላታለሁ።

ጸበል ስትለኝ እኔን ገና ዛሬ ያሳሰብከኝ ይመስልሃል። ሁለት ዓመት ሙሉ ወስጃታለሁ። ጸበሉንም ትጠጣለች፣ መድኃኒቷንም ትውጣለች፤ ሁለቱ ተጣልተው አያውቁም። የተጣላን እኛና ሲሚንቶው ነን።

ጎማውን ገዝቼ በሁለት ጋሪ አምጥቻለሁ። አምስት ጥቅል ነው። ሻጩ ሰውዬ ደግ ነው፤ እሱ ራሱ ሲያነጥፍ የሠራውን ስህተት ሁሉ ነገረኝ። "ከታች እርጥበት ካለ ሙጫው አይዝልሽም፤ በዓመቱ እንደ ቂጣ ይገለበጣል" አለኝ። እንደ ነገረኝም አራት ቦታ ላይ የላስቲክ ቁራጭ ዘርግቼ ዙሪያውን በፕላስተር አሸግሁና ሦስት ቀን ተውኩት። ሦስቱ ደረቅ ሆነው ተገኙ። በወጥ ቤት በኩል ያለው ግን ከሥሩ አልቦት ነበር። ከጣሪያው የሚወርደው ውኃ ግድግዳው ሥር እየተጠራቀመ ኖሯል። አሁን ውጭውን አስቆፍሬ ውኃውን ወደ ቦዩ መልሼዋለሁ። እስኪደርቅ ብቻ ነው የምጠብቀው። ፋሲካን አልጠብቅም።

ደግሞስ የምን እንግዳ ነው የሚመጣው? "እጽፍልሻለሁ" ብለህ ለምን ተውከው?

እህትህ ብርቄ

*

ጆሃንስበርግ፣ ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውዷ እህቴ ለእትዬ ብርቄ

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሰሽ። ዘግይቼ በመጻፌ ይቅርታሽን እለምናለሁ። የሥራ ነገር ጊዜ አልሰጠኝም።

ስለ ወለሉ ከእንግዲህ አልከራከርሽም። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። የወልቂጤ አየር ለልጅሽ ከባድ ሳይሆን አይቀርም ብዬ አሰብኩ። ቡታጅራ አክስታችን አደይ ዘንድ ሁለት ወር ብትቀመጥ ጥሩ ነው። አደይን አነጋግሬያታለሁ፤ ከጓሮ በኩል ጸጥ ያለ ክፍል አላት። ከጥር መጨረሻ ጀምሮ እስከ ፋሲካ ድረስ ማለቴ ነው። መኪናውንም ሌላውንም እኔ እችላለሁ። እሷ እዚያ ስትሆን አንቺም ትንሽ ታርፊያለሽ። ጎማውን ለጊዜው ጠቅልለሽ ከጓሮ አስቀምጪው። ምንም አይሆንም።

አደራሽን፣ እሺ በይኝ።

ወንድምሽ ዑራኤል

*

ወልቂጤ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዑራኤል

እንኳን አብሮ አደረሰን። ጥምቀትንም በሰላም አሳልፈናል።

ቡታጅራ ሄጄ ነበር። አልዋሽህም፣ ደብዳቤህ ጥሩ ስለነበር አመንኩህ። ልጄ ሁለት ወር አየር ብትቀይር ምናለ አልኩ። አክስታችን አደይ አቅፋ ሳመችኝ፤ ክፍሉንም አሳየችኝ። መስኮት የለውም። መወርወሪያው ከውጭ ነው። "ይሄ ለምንድን ነው?" ብላት አቀርቅራ "ሰው ሲመጣ እንዳትወጣ ብሎ ዑራኤል ነው ያስገጠመው" አለችኝ። አልተቆጣኋትም። እሷ የተባለችውን ነው ያደረገችው።

በመመለሻዬ ለልጅህ ለሲፈን አዲስ አበባ ደወልኩላት። ከዚያ ነው ሁሉንም የሰማሁት። ኢዮብ የሚባል ልጅ ሊያገባት ነው። የካቲት ላይ ሽማግሌ የሚልኩት እዚህ፣ አባታችን ቤት ነው። ይህን እኔ አክስቷ፣ እናቷ ከሞተች ጀምሮ ያሳደግኋት፣ በስልክ ከራሷ ሰማሁ! እሷም የነገርከኝ መስሏት ነበር። አንተ እንግዳ ስትለኝ፣ አየር ስትለኝ፣ የአባታችን ሰም ስትለኝ የቆየኸው ልጄ እንዳትታይ ነው። ምናለ መጀመሪያውኑ እንዲህ ብለህ ብትጽፍልኝ? ቢያንስ የቡታጅራን መንገድ በከንቱ አልሄድም ነበር።

እንግዲህ ስማኝ። በተመለስኩ ማግስት ቡፌውንና ወንበሮቹን ከሳሎን አወጣሁ። ሙጫ በሰም ላይ አይዝም። ስለዚህ የአባታችንን ቀይ ሰም በሙቅ ውኃና በብረት ብሩሽ ፋቅሁት። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። አለቀስኩ፤ አልደብቅህም። አባታችን ግን ኑኃሚንን ትከሻው ላይ አድርጎ ገበያ ለገበያ የሚዞር ሰው ነበር። እሱ ቢኖር ብሩሹን ከእጄ ይቀማኝ ነበር እንጂ አይከለክለኝም። ከሰሙ ሥር ሊሾው ተሰነጣጥቆ ነው ያገኘሁት። ስንጥቁን በሲሚንቶ ሞላሁት፣ ጎርባጣውን አስተካከልኩ፣ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ሦስት ጊዜ ጠረግሁ። ጎማውንም ፈትቼ ሁለት ቀን ዘርግቼ አቆየሁት፤ ተጠቅልሎ የከረመ ጎማ ወዲያው እንደተፈታ ከተቆረጠ በኋላ ያጥራል።

ለመቁረጡ ጎረቤታችን ሃፊዛ መጣች። ልብስ ሰፊ ናት፤ መለካት ታውቃለች። ከክፍሉ መሀል ጀምረን በጠመኔ መሥመር አሰመርን። ኑኃሚን ካተሩን አንስታ "እኔ ልቁረጥ" አለች።

"አንቺ ሜትሩን ያዢ" አልኳት።

"ለምን?"

ሃፊዛ ወደ መስኮቱ ዞረች።

"እናቴ፣ አንቺም እኮ ትደብቂኛለሽ" አለችኝ። "አጎቴ ከእንግዳ ይደብቀኛል፣ አንቺ ደግሞ ከካተር።"

ዑራኤል፣ አንተን የምሰድብበት አፍ አጣሁ። "ቁረጪ" አልኳት። ሃፊዛ ለማስመሪያ ያመጣነውን ረጅም ብረት ተጭና ያዘችላት፣ እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ። ቀጥ አድርጋ ቆረጠችው። ከእኔ የተሻለ ቆረጠች። ከግድግዳው የጥፍር ውፍረት ያህል ክፍተት እየተወች አምስቱንም ጥቅል የቆረጠችው እሷ ናት።

ነገ ሙጫ እንቀባለን። እንግዶችህ ይምጡ፤ በደስታ እቀበላለሁ። ኑኃሚን ግን ከቤቷ ንቅንቅ አትልም።

ብርቄ

*

ጆሃንስበርግ፣ ጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ብርቄ፣

ሰላምታ የምጽፍበት ልብ የለኝም፤ ይቅር በይኝ።

መወርወሪያውን እኔ ነኝ ያስገጠምኩት። አልክድም። አንቺ ግን እኔ የፈራሁትን አታውቂም። ሲፈን እናት የላትም። አባቷም እኔ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ዓይኗን ሳላይ ባሕር ማዶ ሱቅ የምጠብቅ ሰው ነኝ። ላደርግላት የምችለው ይህችን ጋብቻ ብቻ ነው። የልጁ አባት አቶ ደበሌ ቤተሰቡ የታፈረ፣ ወግ አጥባቂ ሰው ነው። "በዘራቸው በሽታ አለ" ከተባለ አንድ ቀን አያድሩም። ያ ጎማ ሳሎን ውስጥ ተነጥፎ እያዩ ምንድን ነው ብለው አይጠይቁም?

ለአንድ ቀን ብቻ ነው። ምንጣፍ አልብሺው። ኑኃሚንን ለአንድ ቀን ሃፊዛ ቤት አድርጊያት። ተንበርክኬ ነው የምለምንሽ።

ዑራኤል

*

ወልቂጤ፣ የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዑራኤል

እንደምን ከርመሃል። "ተንበርክኬ" ያልክበትን ደብዳቤ ደጋግሜ አነበብኩት። እህትህ ነኝ፤ ድንጋይ አይደለሁም። አንድ ሌሊት ሙሉ አሰብኩበት። ጠዋት ለኑኃሚን ደብዳቤህን ሰጠኋት። አንብባ መለሰችልኝና "ሲፈንን እንጠይቃት" አለች። ሲፈን በስልክ ያለችው ይኸውልህ፦ "ኑኃሚን ከሌለችበት እኔም አልመጣም፤ ሽማግሌዎቹ ወንበሩን ይዳሩት።" ልጅህ እንደዚህ ናት። ያሳደግኋት እኔ ስለሆንኩ ጥፋቱ የእኔ ነው በል።

እንግዲህ የእሑድን ነገር አንዱንም ሳላጎድል ልንገርህ።

ወለሉ ተጠናቆ ነበር። ሙጫውን ጥርስ ባለው መቀቢያ እየለቀለቅን፣ ጎማውን ግማሽ ግማሹን እየመለስን አነጠፍነው። አየሩ እንዳይገባበት ወፍራም የብረት ቱቦ ላዩ ላይ አንከባለልን። መጋጠሚያው ላይ የአሸዋ ጆንያ ደርድረን አንድ ቀን ማንም አልረገጠውም። ሽታው ሳምንት ሙሉ አልለቀቀንም፤ መስኮት ከፍተን ነው የከረምነው። አሁን ጥቁር ሆኖ፣ እንደ አንድ ቁራጭ ሆኖ ተኝቷል። ኑኃሚን ካነጠፍነው ወዲህ ሁለት ጊዜ ወድቃለች። በሊሾው ጊዜ ስትወድቅ ድምፁ ወጥ ቤት ድረስ ይሰማኝ ነበር፤ ያንን ድምፅ እናት ካልሆንክ አታውቀውም። አሁን እንደ ከባድ ጆንያ ነው የምትወድቀው። ስትነቃ ግንባሯን ዳሰሰችና "ደም የለም?" አለችኝ። "የለም" አልኳት። ሁለታችንም ሳቅን።

አቶ ደበሌ ከሦስት ሽማግሌዎችና ከአንዲት እህቱ ጋር መጡ። ከእኛ በኩል ከቸሃ የመጡት አጎቶቻችን ነበሩ። ምንጣፍ አላለበስኩም። አቶ ደበሌ ሲገቡ ወለሉ ከተረከዛቸው ሥር ለስለስ አለባቸው መሰለኝ፣ ቆም ብለው በእግራቸው መታ መታ አደረጉት።

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?"

ከአጎቶቻችን አንዱ ፈጥኖ "ዘመናዊ ነው፤ አሁን በየቤቱ ይሄ ነው" አለ።

ክትፎውን ይዤ ቆሜ ነበር። ጣባውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና "ዘመናዊ ስለሆነ አይደለም" አልኩ። "ልጄ የሚጥል በሽታ አለባት። ስትወድቅ እንዳትጎዳ ብለን እኔና እሷ ያነጠፍነው ነው። ልጄም ይህችውላችሁ።"

ኑኃሚን ከሲፈን ጎን ተቀምጣ ነበር። ተነስታ እጅ ነሳች። የግንባሯን ጠባሳ በሻሽ እንኳ አልሸፈነችውም።

የአቶ ደበሌ እህት ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ፣ እኔን እያየች "በዘር የሚመጣ ነው?" አለች።

ልመልስ አፌን ስከፍት ኑኃሚን ቀደመችኝ። "እኔን ይጠይቁኝ እንጂ፤ የታመምኩት እኔ ነኝ" አለቻት። "ሐኪሙ በሕፃንነቴ የያዘኝ ማጅራት ገትር የተወብኝ ነው ብሎኛል። በዘር ቢሆንም ግን ከዚህ ወንበር አልነሳም ነበር።"

ከዚያ በኋላ ምግቡ ተበላ፤ ወጉ ግን አልተያያዘም። አቶ ደበሌ ሲነሱ "መክረን መልስ እንሰጣለን" አሉ። በር ላይ ደርሰው ዞር ብለው ወለሉን አንዴ አዩት። ምን እንዳሰቡ አላውቅም።

ሲፈን አላለቀሰችም። ሳህን አጥባ፣ ከኑኃሚን ጋር ወለሉን ወልውላ ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ጋብቻው ሊቀርባት ይችላል። ይህን አውቄ ነው ያደረግሁት። ልትቆጣኝ መብትህ ነው።

እህትህ ብርቄ

*

ጆሃንስበርግ፣ መጋቢት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ብርቄ

መልሱን ከአቶ ደበሌ ሰማሁ። ጋብቻው አልተከለከለም፤ ነገር ግን "የታመመችዋ ልጅ በሠርጉ ዕለት ከፊት እንዳትታይ" ብለው ነበር። እኔ እሺ አልኩ። ሲፈን ግን እምቢ ብላ ቀለበቱን ለኢዮብ መለሰችለት። ይህን አንቺም ሳትሰሚ አትቀሪም።

ለአንቺም ለልጅሽም የምለው የለኝም። ቤቱን እንዳሻችሁ አድርጉት።

ዑራኤል

*

ወልቂጤ፣ ግንቦት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ዑራኤል ባልቻ

እንዴት ሰነበቱ? እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝምልኝ። እኔ ኑኃሚን ነኝ። እናቴ ለመጨረሻው ደብዳቤዎ መልስ አልጽፍም ስላለች እኔ ልጻፍ ብዬ ነው። ስለ እኔ ስድስት ወር ሙሉ ስትጻጻፉ ከርማችኋል፤ ሁሉንም አንብቤዋለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ሲፈን። ለፋሲካ መጥታ አሥር ቀን ከእኛ ጋር ነበረች። ይህን ደብዳቤ እንደምጽፍልዎ ነግሬያታለሁ፤ ሁሉንም ጻፊለት ብላኛለች። አልቅሳለች። ኢዮብን ትወደው ነበር፤ እሱም ደካማ እንጂ ክፉ ልጅ አይደለም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወለሉ ላይ ጎን ለጎን ተጋድመን "በእኔ ምክንያት ነው" አልኳት። ተነስታ ተቀመጠችና "እንደገና እንዲህ ካልሽ እጣላሻለሁ" አለችኝ። "አንቺን ከፊት አስነስቶ የሚያገባኝ ሰው፣ እኔ የታመምኩ ቀን ማንን ያስነሳል?" የተናገረችው ይህንን ነው። ቃል አልጨመርኩም።

እርስዎን አልቀየመችም። ብቻ "አባዬ ለምን አልጠየቀኝም?" ትላለች። ይደውሉላት። ሥራ ላይ ብትሆንም ታነሳዋለች።

ሁለተኛ፣ ስለ ወለሉ። እስካሁን ስድስት ጊዜ ወድቄበታለሁ። አንዴ ክርኔ ተላጠ፤ ሌላ ምንም አልሆንኩም። በወጥ ቤት በኩል አንዱ ጠርዝ ሊነሳ ሞክሮ ነበር፤ አንስቼ ሥሩን አድርቄ እንደገና አጣብቄዋለሁ። ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ከእጄ የተማርኩት ነው። ከአልጋዬ ተነስቼ ብቻዬን ውኃ ቀድቼ መጠጣት ከጀመርኩ ሦስት ወር ሆነኝ። እርስዎ ይህ ትንሽ ነገር ሊመስልዎ ይችላል።

ሦስተኛ። ባለፈው ሳምንት ከድጄ የምትባል ሴት ከአገና ከተማ መጣች። ሃፊዛ ጋ ልብስ ልታሰፋ መጥታ ስለ ቤታችን ሰምታ ነው። ባሏን እንደ እኔ ይጥለዋል፤ አናጢ ነበር፣ አሁን ከአልጋ አይወርድም። ጫማዋን አውልቃ ወለላችን ላይ ወዲህ ወዲያ ተመላለሰች። ከዚያ "ለእኛም ታነጥፊልናለሽ?" ብላ ጠየቀችኝ። ያቺ ሴት የጠየቀችው እናቴን አይደለም፤ እኔን ነው።

አዎ አልኳት። ከስፖርት ቤቱ የተረፈው ሁለት ጥቅል አልተሸጠም ነበርና ከድጄ ገዝታዋለች፤ ለአንድ ክፍልና ለመተላለፊያው ይበቃል። ላስቲኩን በአራቱም ማዕዘን እንድታሽግ ነግሬያት፣ ከሦስት ቀን በኋላ ደረቅ ነው ብላ ደወለችልኝ። ነገ ጠዋት ከእናቴና ከሃፊዛ ጋር በሚኒባስ እንሄዳለን። መንገድ ላይ ሊጥለኝ ይችላል፤ አውቃለሁ። የተሳፈረው ሰው ያየኛል። ይየኝ።

ጋሼ፣ እናቴን ይቅርታ እንድትጠይቅዎ አይጠብቁ፤ እኔም አልጠይቅም። ከእንግዲህ ስለ እኔ የሚጽፉት ነገር ካለዎት ግን ለእናቴ አይጻፉ። በስሜ ይጻፉልኝ። ማንበብ እችላለሁ፤ መልስም እሰጣለሁ።

ኑኃሚን